ከእኛ በፊት የነበረው ፀጉር

ውድ ዴስ፣

ሰላምታውን ከማስቀደሜ በፊት እንደምጠረጥርህ ልንገርህ፤ አለበለዚያ ጥርጣሬዬን ከሰላምታው ሥር ስትፈልግ ጊዜህ ያልቃል። ጤናህ እንዴት ነው? የልጅህ ቤት ይሞቃል? ኔልሰን ከተማ ፀሐይ አይጠፋም ይላሉ። እኛ እዚህ ሰሜን ዝናብ ላይ ነን። ኮረብታችን ፑኬሮአ ሰሞኑን ጉሙን እንደ ባርኔጣ ደፍቶ ተቀምጧል። ሰላምታው ይኸው ነው፤ አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ዕድሜዬን በቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ጀርባ ያሳለፍኩ ሴት ነኝና ሰውን በሚዋሰው መጽሐፍ መጠርጠር ልማዴ ነው። አንተ ላሞችህን ሸጠህ ጡረታ ስትወጣ መጀመሪያ የወሰድከው ስለ ላም በሽታ የተጻፈ መጽሐፍ ነበር። ናፍቆት ነው ብዬ አለፍኩት። ቀጥለህ ስለ ጥንት መርከቦች ወሰድክ፤ ከዚያ ስለ ፒራሚዶች። ከዚያ «ታሪክ» ከሚለው መደርደሪያ ትንሽ ወደ ግራ ፈቀቅ አልክና «ምሥጢራት» ከሚለው ፊት ቆምክ። እዚያ ፊት ቆሞ በደህና የተመለሰ ጡረተኛ አላየሁም። ያኔ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ ግን ሥራዬ መጽሐፍ መስጠት እንጂ መከልከል አልነበረም።

ከዚያ ያ የእሑድ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሚስተር ሎክሊ የሚባሉ ሰው ከኦክላንድ አስመጥተህ በመንደሩ አዳራሽ እንዲያስተምሩን አደረግህ። ሰውየው የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ ጥርስ መንቀሉን ትተው አሁን የሚነቅሉት ሕዝብ ነው። ግድግዳው ላይ ካርታ ሰቀሉ። ቀስቶች ከየአቅጣጫው እየተንደረደሩ መጥተው አገራችን ላይ ይወድቃሉ። ፊንቄያውያን ደርሰዋል። ኬልቶች ደርሰዋል። ግሪኮች መንገድ ተሳስተውም ቢሆን ደርሰዋል። ቻይናዎች ሲያልፉ ጎራ ብለዋል። ያን ሁሉ መርከብ ሳይ የዛሬው ወደባችን ባዶነት አሳዘነኝ። እኛ የአገሩ ነባር ሕዝብ ማኦሪዎች ከሁሉም መጨረሻ በቀጭን ቀስት መጣን፤ ለዚያውም በነጠብጣብ።

አክስት ዋይሪንጊ አጠገቤ ነበሩ። ጆሯቸው ስለደከመ ሲያንሾካሹኩ አዳራሹ ሁሉ ይሰማል።

«ሪፔካ፣ ይሄን ሁሉ እንግዳ ያበላው ማነው?»

«እሱን አልነገሩንም አክስቴ።»

«ያን ጊዜ እኛ ከሌለን ወጥ ቤት የነበረው ማነው ታዲያ? ዕቃውንስ ማን አጠበው?»

ሚስተር ሎክሊ ከኮረብታው ግርጌ ያለውን የድንጋይ ካብ ፎቶ አሳዩ። ጠረጴዛውን በጡጫ መቱና፣ «ይህ በሰው እጅ የተደረደረ ነው! ተፈጥሮ እንዲህ አትደረድርም!» አሉ። ማን ካደ? ያ የስኳር ድንች ማሳችን ድንበር ነው። ቀደምቶቻችን ድንጋዩን ከአፈሩ እየለቀሙ ዳር ዳሩን የደረደሩት፣ ቀን ፀሐዩን ጠጥቶ ሌት አፈሩን እንዲያሞቅላቸው ነው። ካቡ በሰው እጅ መደርደሩን አዳራሹ ውስጥ ያለነው ሁሉ እናምናለን። ልዩነታችን «ሰው» የሚለው ላይ ነው።

እስከዚህ ድረስ እየሳቅሁ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሳቄ የቆመው «የአገሬው ምስክርነት» ብለው ማንበብ ሲጀምሩ ነው። ቆዳቸው የነጣ፣ ፀጉራቸው የቀላ፣ በጉም ውስጥ የሚኖሩ፣ ዋሽንት የሚነፉ፣ የበሰለ ምግብ ሽታ የሚያስፈራቸው፣ ከመሸ ጫካ የገባን ልጅ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች። ከማን እንደሰሙት ሲጠየቁ «ከታመነ ምንጭ» አሉ። የታመነው ምንጭ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያይ ነበር። ጫማህ አዲስ አልነበረም ዴስ።

ያ የእናቴ ተረት ነው። በእኛ ወጥ ቤት፣ በእኛ ምድጃ ዳር፣ አንተና እኔ አንድ ወንበር ተጋርተን የሰማነው። የጉም ሰዎች ተረት በየመንደሩ አለ፤ ዋሽንቱንና የምግብ ሽታውን ግን እናቴ ሁልጊዜ በዚያው ቅደም ተከተል ነበር የምትነግረን። የምትነግረን ደግሞ ከመሸ ጫካ እንዳንገባ ነው። በዚያው አፏ ጆሮውን ያልታጠበ ልጅ ባቄላ ይበቅልበታል ትለን ነበር፤ ያንን ለሚስተር ሎክሊ ለምን እንዳልነገርካቸው አልገባኝም። ካርታቸው ላይ ለባቄላውም ቀስት ይሠሩለት ነበር።

ነገሩ አዲስ ሆኖብኝ አይደለም። ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ከእኛ በፊት ሌላ ሕዝብ እዚህ ይኖር እንደነበር፣ ሰነፍና ጥቁር እንደነበር፣ እኛ መጥተን ገድለንና በልተን እንደጨረስነው ከመማሪያ መጽሐፍ ላይ አነበበልን። የእረፍት ደወል ሲደወል አንተ የነጩ ጎረቤታችን ልጅ ሮጠህ መጣህና፣ «ዝገት፣ ዛሬ ለቁርስ ማንን በላችሁ?» አልከኝ። እኔም ያንተን አጎት አልኩህ። ተሳሳቅን። እነዚያ ሰዎች በትምህርት ቤት ዘመናችን ጥቁር ነበሩ፤ በጡረታ ዘመናችን ነጭ ሆነው ተመለሱ። በሁለቱም ጊዜ ጥፋተኞቹ እኛው ነን፤ እዚህ ላይ እንኳ ታሪኩ አልተለወጠም።

«ዝገት» ያልከኝ ለምን እንደነበር ታስታውሳለህ? ከኋላዬ ተቀምጠህ ጉንጉኔን ከወንበሩ ጋር ታስርብኝ ስለነበር መርሳትህን እጠራጠራለሁ። ፀጉሬ የዛገ ብረት ይመስል ነበር። የእናቴም እንዲሁ፣ የእናቷም እንዲሁ። ኡሩኬሁ ይሉናል፤ ቀይ ፀጉር ከእኛ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። አንተ ያደግኸው በቀይ ፀጉራም ማኦሪዎች መካከል ነው። ይህን ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከአዳራሹ በኋላ በአጥርህ በኩል መጣሁብህ። የበግ ሽቦ ትጠግን ነበር፤ በግ ግን የለህም።

«ዴስ፣ ኬልቶቹ እዚህ ድረስ ምን ሊሠሩ መጡ?»

«ማን ያውቃል? ዓሣ ይሆናል።»

«እነሱ አገር ዓሣ የለም?»

«አንቺ ደግሞ ሁሉ ነገር ቀልድ ነው።»

«ቀልዱን ካርታ ላይ የሰቀላችሁት እናንተ ናችሁ።»

«እኔ ያልኩት ሳይንስ ይፍረድ ነው። እውነት ከሆነ ምን ያስፈራሻል?»

«የእናቴን ተረት ለምን ሰጠሃቸው?»

ሽቦውን ጠመዘዝከው፣ ጠመዘዝከው፣ እስኪበጠስ። «ተረት የማንም አይደለም ሪፔካ» አልክ። እናትህ ታማ፣ አባትህ ከላሞቹ ጋር እየዋለ እያመሸ፣ ከእኛ ገበታ ስንት ዓመት የበላ ልጅ ነው ይህን የተናገረው። ያኔ ነው መጠርጠር የጀመርኩት። ስታምን አይቼህ አውቃለሁ፤ በፈረስ ውድድር ታምናለህ፣ በአየር ትንበያ ታምናለህ። ስታምን ዓይንህን አትሰብርም።

የዝናቡ ወራት ሊገባ ሲል ጋዜጣው ወጣ። «ከማኦሪ በፊት የነበረች ልዕልት?» ይላል። የጥያቄ ምልክቷ ለጠበቃቸው ስትሆን የቀረው ለአንባቢ ነው። ከሥሩ ፎቶ አለ፤ ረጅም ቀይ ጉንጉን ፀጉር፣ ጫፉ በቁራጭ ጨርቅ የታሰረ። አንተና ሚስተር ሎክሊ ፑኬሮአ ላይ ካለ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አገኛችሁት። ሚስተር ሎክሊ ጨርቁን አይተው፣ ሽመናው ለአገሬው ሰው እንግዳ እንደሆነና የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻን እንደሚያስታውሳቸው ተናገሩ። እኔንም አንድ ነገር አስታወሰኝ። የአባቴ ሸሚዝ ነው። ሰማያዊ መስመር ያለበት፣ ከመንደሩ ሱቅ የተገዛ።

ጋዜጣውን አጥፌ ውሃ ጣድኩ። ፈልቶ ፈልቶ አለቀ፤ ሻዩን ሳላፈላ ተቀመጥኩ።

የወንድሜ ልጅ ታማቲ በማግስቱ መጣ። የኮረብታውን ጉዳይ ይዞ ወደ ወረዳው ምክር ቤት የሚመላለሰው እሱ መሆኑን ታውቃለህ። ፑኬሮአ የቤተሰባችን መቃብር ተብሎ ይከለል፣ ወይስ እርሻህን የሸጥክለት ኩባንያ ሸንሽኖ ቪላ ይሥራበት የሚለው በሚመጣው ወር መጨረሻ ይወሰናል። የኩባንያው ጠበቃ ጋዜጣውን ለምክር ቤቱ አስገብቷል። «የኮረብታው ቀደምት ሰዎች ማንነት አከራካሪ ስለሆነ» ይላል ማመልከቻው። ማለት የፈለገው ሙታኑ የማን እንደሆኑ ስላልታወቀ በላያቸው መዋኛ ገንዳ መቆፈር ይቻላል ነው።

«አክስቴ፣ አንዲት ዘለላ ፀጉር ብቻ ስጪኝ» አለኝ ታማቲ። «ከዚያኛው ጋር ይመረመራል። በቃ፣ አለቀላቸው።»

«ከራሴ ላይ?»

«ከየት ሊሆን ነው? ከምንጣፉ ላይ?»

«የእናቴ ፀጉር ነው ብዬ ብናገርስ? አይቼዋለሁ እኮ፣ ስታስቀምጠው አብሬያት ነበርኩ።»

«ያንቺ ቃል ነው። እነሱ ፎቶ አላቸው፣ ጠበቃ አላቸው፣ የጥርስ ሐኪም አላቸው።»

«የጥርስ ሐኪሙ ለኛ ይጠቅማል።»

«አትቀልጂ አክስቴ። ያ ጓደኛሽ መቃብር ዘርፏል። ስሙን ጠርቼ ነው የምናገረው።»

እንዲያስቆይልኝ ለመንኩት። ለምን ሲለኝ ጃኬቱን አቀበልኩት። እሱ ወጣት ነው፣ ማስረጃ በቁጥር ታስሮ በፕላስቲክ ከረጢት ሲቀርብ ደስ ይለዋል። እኔ ግን እናቴ ቁጥር ተለጥፎባት ሻይ በሚጠጡ ሰዎች መካከል ከእጅ እጅ ስትዞር ታየችኝ። ዝም ካልኩ ደግሞ ኮረብታው ይሄዳል፤ እሷም፣ አባቴም፣ ከእነሱ በፊት የነበሩትም ሁሉ ኬልት ሆነው ይቀራሉ።

አሁን አንተ እንደረሳህ ለማስመሰል የምትሞክረውን ቀን ልንገርህ።

የአባቴ ጀልባ ወደብ መግቢያው ላይ ተገልብጣ፣ አስከሬኑን ባሕሩ በመለሰልን ሰሞን ነው። እናቴ በበግ መሸለቻ መቀስ ፀጉሯን ከአንገቷ ሥር ቆረጠችው። በዘመኑ ይህን የሚያደርጉ ሴቶች ጥቂት አሮጊቶች ነበሩ፤ እሷ ወጣት ነበረች፤ ማንም ግን አልከለከላትም። ጫፉን ከሸሚዙ በቀደደችው ጨርቅ አሰረችው። ከቀብሩ በኋላ በትራስ ልብስ ጠቅልላ፣ እኔን አስከትላ ወደ ኮረብታው ወጣች። አንተ እንደ ቡችላ ከኋላ ከኋላ መጣህ። መቃብሩ በር ላይ ዞር አለችና፣ «አንተ እዚህ ሁን። ስንመለስ ውሃ ታፈስልናለህ» አለችህ። አልቅሰህ ነበር፤ ስላስቀረችህ ይሁን ለአባቴ፣ አልጠየቅሁህም።

ስንወርድ በአባትህ የወተት ጣሳ ውሃ ሞልተህ በሩ ላይ ቆመሃል። በሁለት እጅህ ይዘህ፣ አንዲት ጠብታ እንዳይባክን ምላስህን ነክሰህ። ከመቃብር የወጣ ሰው በውሃ ነው ወደ ሕያዋን የሚመለሰውና፣ መጀመሪያ በእሷ እጅ፣ ቀጥሎ በእኔ እጅ አፈሰስክ። ከዚያ ጠየቅሃት።

«እማማ ሄኒ፣ ፀጉሩ የት ሄደ?»

እሷም በአገጯ ወደ ላይ፣ ወደ ድንጋዮቹ አመለከተችና፣ «ቤቱ» አለችህ።

ስለዚህ ታውቃለህ። ስንጥቁን ታውቃለህ፣ ቀለሙን ታውቃለህ፣ ሸሚዙንም ታውቃለህ፤ አባቴ ለብሶት ትከሻው ላይ ተሸክሞሃል። ይህን ሁሉ አስቤ አንድ ቀን ሙሉ ጠላሁህ። ሌባ ብቻ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። የምታውቀውን ፀጉር የማታውቀው ለማስመሰል ልዕልት ያደረግህ ሌባ ግን ምን ይባላል? ለኩባንያው ውለታ ነው አልኩ። ለሚስተር ሎክሊ ጭብጨባ ነው አልኩ። ዕድሜህን በሙሉ እዚያ በር ላይ ስለቀረህ እልህ ነው አልኩ፤ ይህኛው እስከ ምሳ ሰዓት አሳመነኝ።

ባለፈው ሳምንት ፖስታ መጣልኝ። የላኪ ስም የለውም፤ ማኅተሙ የኔልሰን ነው። ኔልሰን ውስጥ የማውቀው ሰው አንድ ብቻ ስለሆነ ምርመራው ብዙ አልፈጀም። ውስጡ አንዲት ቃል እንኳ የለም። ፎቶ ብቻ ነው፤ ያው የጋዜጣው ፎቶ፣ ዙሪያው ሳይቆረጥ።

እዚህ ያለው ቤትህ ነው። የወጥ ቤትህ ጠረጴዛ ይታያል፤ ሚስተር ሎክሊ የለቀሟቸው ድንጋዮች፣ ዛጎሎች፣ አንድ የዛገ ነገር፣ ሁሉም ከሻይ ኩባያዎችና ከብስኩት ሳህን ጋር ተደባልቀው ተዘርግተዋል። ጉንጉኑ ግን ጠረጴዛው ላይ የለም። ከምግቡ ርቆ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ለብቻው በርጩማ ላይ ነው። በርጩማው ላይ ትራስ አለ። ንጹሕ ልብስ የለበሰ ትራስ።

በመነጽሬም፣ ያለመነጽሬም አየሁት።

ባርኔጣህን ገበታችን ላይ ያስቀመጥክባትን ቀን እናቴ እጅህን በማንኪያ መትታ፣ «ጭንቅላት ላይ የሚውል ነገር ዳቦ አጠገብ አይውልም!» ያለችህን አስታወስኩ። ማበጠሪያም ቢሆን፣ ፀጉርም ቢሆን። ትራስ ላይ የተቀመጥክባት ዕለትም፣ «ተነስ! የራስ ማሳረፊያ ነው፣ የቂጥ አይደለም!» ብላህ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። የራስ ነገር የተቀደሰ እንደሆነ በማንኪያ ነው የተማርከው። ሚስተር ሎክሊ ያን ጉንጉን ከብስኩቱ አጠገብ ያጋድሙት ነበር። አንተ ነህ ያነሳኸው። ለማታውቃት ልዕልት ይህን አታደርግም፤ ኬልት ፀጉሩ ጠረጴዛ ላይ ቢውል ግድ አይሰጠውም። የምታውቃትን ሴት ነው ትራስ ላይ ያሳረፍከው።

ስለዚህ በርጩማው አሳበቀብህ ዴስ። ለሌላ ሰው ሁሉ ዕቃ ነው፤ ለታማቲ እንኳ ባሳየው «ምኑ ነው ማስረጃው?» ይለኛል። የሚያነበው እናቴ ያሳደገችው ሰው ብቻ ነው። ከእኛ ሌላ ደግሞ ማንም አልቀረም።

ግን ጥርጣሬዬ አላበቃም፤ ቦታውን ነው የቀየረው። ከሚስተር ሎክሊ ቀድመህ ልታድናት ብለህ አውጥተሃት ነገሩ ከእጅህ አመለጠ? ወይስ አንተው መርተህ አድርሰሃቸው፣ ፀጉሩን ስታይ ነው እሷ ማን እንደሆነች ትዝ ያለህ? ሁለቱም አንተን ይመስላሉ። መልሱን በደብዳቤ አትላክልኝ፤ በደብዳቤ ጥሩ ትዋሻለህ፣ ፊት ለፊት ግን ሽቦ ትበጥሳለህ። ፎቶውን የላክኸው ግን እንድይዝህ ነው። ይህን አልጠረጥርም፤ ይህን አውቃለሁ።

እንግዲህ ይኸው ያዝኩህ።

የምክር ቤቱ ስብሰባ ከመድረሱ በፊት ያለው ቅዳሜ ጠዋት ና። በጓሮ አጥር በኩል አይደለም፤ በቤቴ ዋና በር። በሩ ላይ ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ እጣራለሁ። እንዲህ ያለ ጥሪ ለክቡር እንግዳ እንደሆነ ታውቃለህ፤ አትኩራራ፣ የምጠራው እሷን ነው። አንተ ተሸካሚ ነህ። አክስት ዋይሪንጊ ይኖራሉ፣ ታማቲም ይኖራል፤ በእነሱ ፊት የማን ፀጉር እንደሆነ በአፍህ ትናገራለህ፣ በስብሰባውም ቀን ትደግመዋለህ። ታማቲ ይሰድብህ ይሆናል፤ ትሰማዋለህ። ከዚያ በኋላ ሻይ አለ፤ አክስት ዋይሪንጊም ፊንቄያውያኑን ማን እንዳበላቸው ይጠይቁሃልና መልስ አዘጋጅ።

ካልመጣህ ከራሴ ላይ ዘለላውን ነቅዬ ለታማቲ እሰጠዋለሁ፤ ስምህንም እኔው እጠራዋለሁ። ማስፈራራቴ ነው። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

አሁንም ካንተ ዘንድ እንዳለች አልጠራጠርም፤ በትራሱ ይዘሃት ና። ከፊት ወንበር አስቀምጣት፣ ከኋላ አትጣላት። መኪናው ውስጥ ምግብ አትጫን፤ ሳንድዊችህን ቆመህ ብላና እጅህን ታጥበህ ተነስ። መንገድ ላይ ሚስተር ሎክሊ ቢደውሉ ልዕልቲቱ ወደ ቤቷ ሄደች በላቸው።

ወደ ስንጥቁ ስንወጣ ያንተ ነገር አሳስቦኛል። እናቴ በሩ ላይ ነበር ያስቀረችህ፤ ይህን የመሻር ሥልጣን እንዳለኝ እጠራጠራለሁ። ግን ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ድንጋዮቹም በዝናብ ያንሸራትታሉ፤ ክንዴን የሚይዝ ሰው ያስፈልገኛል። ይህን እሷም የምትረዳው ይመስለኛል።

ስንወርድ ጣሳው በመቃብሩ በር አጠገብ ውሃ ተሞልቶ ይጠብቀናል። ያኔ ያፈሰስክልን አንተ ነበርክ። አሁን እኔ እይዘዋለሁ፤ አንተ እጅህን ትዘረጋለህ።

ዝገት፣
ሪፔካ